ታሪክ ቁጥር ሰባት

በእኛ ከተማ ውሸት ቁጥር አለው። የአስጎብኚዎች ማኅበር ባሳተመው አረንጓዴ መጽሐፍ ውስጥ ዐሥራ ሁለት «የጸደቁ ታሪኮች» ተደርድረዋል። ፈቃድ የሚፈልግ ሰው ዐሥራ ሁለቱንም በቃሉ ያጠናል፣ በየቦታቸው እየቆመ ይናገራል፣ አንዱን ከዘለለ ይወድቃል። ከዐሥራ ሁለቱ አራቱ እውነት ናቸው። አምስቱ የእውነት የሩቅ ዘመድ ናቸው። የቀሩት ሦስቱ አባት የላቸውም፤ ከእነዚያ ደግሞ አብዝቼ የምጠላው ሰባተኛውን ነው።

ታሪክ ቁጥር ሰባት የሚነገረው በላቲመር ቤት ፊት ለፊት ነው። በፖርት ሜረዲት ካሉት አሮጌ ቤቶች ሁሉ የገነነው ይህ ቤት ከመንገድ ወደ ዋናው በር የሚያወጡ ሁለት የድንጋይ ደረጃዎች አሉት፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ታጥፈው ይወጡና ላይ በሩ አጠገብ ይገናኛሉ። መጽሐፉ እንደሚለው በድሮ ጊዜ ሴቶች በግራው፣ ወንዶች በቀኙ ይወጡ ነበር፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ ጨዋዎቹ ወንዶች ቁርጭምጭሚታቸውን እንዳያዩ። ጎብኚ ሁሉ ይስቃል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ለአስጎብኚው ጉርሻ ይሰጣል። በግራው ደረጃ የምትወጣን ሴት ፊት ለፊቷ በቀኙ የሚወጣው ወንድ አጥርቶ እንደሚያያት ግን የሚያስተውል የለም። ቁርጭምጭሚት ለማየት የተሠራ ቢባል እንኳ የተሻለ ያሳምናል።

እኔ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ታሪክ አስተምሬያለሁ። ቤቱን ያሠራው ኤልያስ ላቲመር ለወንድሙ የጻፈውን ደብዳቤ በገዛ ዓይኔ አንብቤዋለሁ። «የጎረቤቴ ደረጃ አንድ ክንድ አለው፤ የእኔ ሁለት ይኖረዋል» ይላል። ስለ ሴቶች አንድ ቃል አልተጻፈም። ሰውዬው ጎረቤቱን ለማብገን ድንጋይ ከባሕር ማዶ አስጫነ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የልጅ ልጆቹ ምቀኝነቱን የጨዋነት ሐውልት አደረጉት።

ስሜ ኦዴሳ ማዚክ ነው። የነርቭ በሽታ እግሬን ቀስ በቀስ፣ እንደ አይጥ፣ በልቶ ጨረሰው። ትምህርት ቤቴ የታሪክ ክፍሉን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ከማውረድ እኔን ማውረድ ቀለለውና ኬክ ቆርሶ፣ አጨብጭቦ ሸኘኝ። ጭንቅላቴና ምላሴ ቀሩ። በእነዚህ በሁለቱ ብቻ የሚሠራ ሥራ በፖርት ሜረዲት አንድ ነው፤ ማስጎብኘት። ቤት ተቀምጬ ቴሌቪዥን ላይ መጮህን እንደ ሥራ ካልቆጠርነው። ነገር ግን በከተማው ደንብ የማኅበሩ ባጅ የሌለው ሰው በመንገድ ላይ ለጎብኚ ታሪክ ሲናገር ከተገኘ ይቀጣል። ማኅበሩም አንድን ሰው ሦስት ጊዜ ብቻ ይፈትናል። ሦስቴ የወደቀ ዕድሜ ልኩን አይመለስም።

እኔ ሁለቴ ወድቄ ነበር።

መጀመሪያ የወደቅኩት የላቲመርን ቤት ደፍ አልረገጥሽም ተብዬ ነው። ተፈታኝ በየጣቢያው የቤቱን ደፍ ማለፍ አለበት፤ ደፉ ደግሞ ዐሥራ አራት ደረጃ ወደ ላይ ነው። ለጎማ የሚሆን ተዳፋት መውጫ፣ ራምፕ፣ እዚህ ቤት፣ አሳንሰርም በማኅበሩ አዳራሽ ይሠራ ብለን ለቅርስ ጠባቂዎቹ ኮሚሽን ያመለከትነው ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። መልሳቸው በየዓመቱ አንድ ነው፤ ቤቱ በተሠራበት ዘመን ራምፕ አልነበረም። የአየር ማቀዝቀዣው፣ የሌባ መከላከያ ካሜራውና የስጦታ መሸጫው የካርድ ማሽን በዚያ ዘመን ነበሩ መሰለኝ።

ሁለተኛ ጊዜ የወደቅኩት በድምፅ ነው። የከተማችን አስጎብኚ ፊቱን ለእንግዶቹ ሰጥቶ፣ እያወራ፣ ወደ ኋላ ነው የሚራመደው፤ በዚህ የሚኮሩትን ኩራት ብታዩ ሰው የኋሊት በመሄዱ ጨረቃ ላይ የወጣ ይመስላችኋል። እኔም በእግሬ ፈንታ የምቀመጥባትን ባለ ባትሪ ስኩተሬን ወደ ኋላ ነዳኋት። ስኩተሬ ግን ወደ ኋላ ስትሄድ እንደ ቆሻሻ መኪና ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ትላለች። «ተፈታኟ የታሪካዊውን ሰፈር ጸጥታ አውካለች» ብለው ጻፉ። ያንን የጻፉት በፈረስ ጋሪ፣ ራስ በሚያሳምም ፉጨትና በሰከሩ የሙሽራ አጃቢዎች መሃል ቆመው ነው።

ሦስተኛው ፈተና መጋቢት ላይ፣ የአዛሊያ አበባ በሚፈካበት ሰሞን ሆነ። ዋዜማውን የስኩተሬን መቀመጫ ፈትቼ የጢጥታዋን ሽቦ በወጥ ቤት መቀስ ቆረጥኩት።

ጠዋት በአደባባዩ መናፈሻ ሁለቱ ፈታኞች ይጠብቁኝ ነበር። አንዱ ታልማጅ ፕሬሎ ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ ቢራቢሮ ክራባት የሚያስር፣ ድሮ ያስተማርኩት ልጅ።

«መምህርት፣ እንደምን አደሩ» አለኝና ጎንበስ ብሎ ሹክ አለ፤ «በእናትዎ ዛሬ እንዳይቆጡ።»

«መች ተቆጥቼ አውቃለሁ?»

«ዐሥራ አንደኛ ክፍል እያለሁ ድርሰቴን በመስኮት ወርውረውታል።»

«ስለ ምን ነበር የጻፍከው?»

«ስለ ደጋጎቹ የባሪያ ጌቶች…»

«እንግዲያው መስኮቱን አመስግነው።»

ዋናዋ ፈታኝ፣ የቅርስ ኮሚሽኑም አባል፣ ሚስ ሄስተር ላቲመር ናቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ባርኔጣቸው ላይ ያለው አበባ ብቻውን መስኖ ይፈልጋል። ቤቱ የአያት ቅድመ አያቶቻቸው ነው። ለሙዚየም ከሰጡት ቆይተዋል፤ ግን ሲገቡ አሁንም እንደ ባለቤት ጓንታቸውን እያወለቁ ነው የሚገቡት።

«ኦዴሳ፣ ዛሬም በዚያ ነገርሽ ነው የመጣሽው?» አሉኝ ስኩተሬን በእስክሪብቶ እየጠቆሙ።

«እግሬን ቤት ረስቼው ነው፣ ሚስ ሄስተር።»

ለፈተናው እንግዳ ይሆኑ ዘንድ ከሆቴል የተጋበዙት ዌይን እና ማርላ ኮቫች የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ከኦሃዮ የመጡ። ዌይን ግዙፍ ሰው ነው፤ በየሦስት እርምጃው ጉልበቱን ይይዛል። «እኔ ገና ጡረታ አልወጣሁም፤ ጉልበቴ ግን ቀድሞኝ ወጥቷል» አለኝና ስኩተሬን በቅናት አያት። ሰው በሕይወቴ በስኩተሬ ሲቀናብኝ የመጀመሪያው ነበር።

ከአንድ እስከ ስድስት ያሉትን ታሪኮች ተናገርኩ። ወደ ኋላ እየሄድኩ፣ ያለ ጢጥታ፣ ኮብልስቶኑ ጥርሴን እያንገጫገጨው። ስለ ሙት ሙሽራዋ መንፈስ ስናገር ድምፄን ዝቅ እስከ ማድረግ ደርሻለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ማንንም የማይጎዳ ውሸት እንደ ስኳር ይዋጣል። ታልማጅ በየጣቢያው ቅጹ ላይ ምልክት ሲያደርግ ፊቱ ይፈታል።

ላቲመር ቤት ደረስን። ሚስ ሄስተር ማንንም ሳይጠብቁ በግራው ክንድ፣ በሴቶቹ በኩል መሆኑ ነው፣ ዐሥራ አራቱን ደረጃ ወጡና ከላይ ሆነው ቁልቁል አዩኝ።

«ደፉ እዚህ ነው፣ ኦዴሳ!»

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቁጥር ሰባትን የምጠላው ሞኝነት ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሞኝነትማ በከተማችን እንደ ትንኝ ነው። የምጠላው ስለሚሠራው ሥራ ነው። ሁለቱ የደረጃ ክንዶች በሚተቃቀፉበት ሥር፣ ልክ መሃላቸው ላይ፣ ከመንገዱ ጋር እኩል የሆነ አንድ ዝቅ ያለ በር አለ። ቁርጭምጭሚት ሲፈልግ ዓይኑን ወደ ላይ የሰቀለ ጎብኚ ያንን በር አያይም። እኔ ግን ቁመቴ ከተቀነሰ ወዲህ ዓይኔ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

«ደንቡ ‹ደፍ› ይላል፤ ላይኛውን ደፍ አይልም» አልኩና በሩን በጡጫዬ መታሁት። «ኤርሊን!»

ኤርሊን ቡን ሙዚየሙን ስታጸዳ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቁልፍ ሁሉ ከወገቧ ላይ ነው። በሩን ከፍታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«መጣሽ አንቺ እልኸኛ! ጎማሽን ጥረጊ፣ አሁን ነው የወለወልኩት።»

ስኩተሬ ያለ አንዲት እንቅፋት ገባች። ዌይንም ተከተለኝ፤ «ደረጃ የለም? ደረጃ የለም!» እያለ፣ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት። ማርላም ገባች። ታልማጅ ለአፍታ ወደ ላይ ወደ ሚስ ሄስተር፣ ለአፍታ ወደ ታች ወደ እኛ አየና እሱም ገባ። ሚስ ሄስተር በአያቶቻቸው ደረጃ ጫፍ ላይ፣ ከነባርኔጣቸው፣ ብቻቸውን ቀሩ።

ከበሩ ወደ ውስጥ በጡብ የተነጠፈ ሰፊ ተዳፋት ቀስ ብሎ ወደ ምድር ቤቱ ይወርዳል። ጡቡ ላይ ሁለት ረዣዥም ቦዮች ተቦርቡረዋል፤ የስኩተሬ ጎማዎች ልክክ ብለው ገቡባቸው።

«ይህ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። «ራምፕ ነው። ቤቱ ሲሠራ አብሮ የተሠራ። ኤልያስ ላቲመር የማዴራ ወይን ጠጅ ይወድ ነበር፤ በርሜሉ በደረጃ ሲወርድ ይናጣል፣ ሲናጥ ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ ለበርሜሉ ተዳፋት አሠራለት። በርሜል ሲከበር ታያላችሁ? እንዳይንገጫገጭ፣ እንዳይደክመው። በርሜሉን የሚያንከባልሉት በገንዘብ የተገዙ ባሮች የሚተኙት እዚያ ግድግዳ ሥር፣ መሬት ላይ ነበር። በሽያጭ ሰነዱ ላይ ዐሥራ ዘጠኝ ናቸው። ከእነሱ አንዷ ዳፍኒ ትባላለች፤ በቀን አርባ ባልዲ ውሃ ከዚህ ወደ ላይኛው ፎቅ ታወጣ ነበር። ትወጣ የነበረው በዚያ ጥግ ባለው ጠባብ ደረጃ ነው፤ እዩት፣ ትከሻ አያሳልፍም። በውጭኛው ደረጃ፣ በግራውም በቀኙም፣ አንድ ቀን ወጥታ አታውቅም። የእሷን ቁርጭምጭሚት ማን አየው፣ ማን አላየው፣ የተጨነቀ የለም።»

ማርላ ኮቫች አፏን በእጇ ያዘች። ዓይኗ ውሃ ሞላ። ዌይን ባርኔጣውን አውልቆ ቦዩን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ጥሩ ክፍል እንዳስተማርኩ የማውቀው ድሮም በዝምታው ነው።

ያኔ በሩ ላይ ዷ! የሚል ተሰማ። ሚስ ሄስተር ወርደው ሊገቡ ሲሉ ባርኔጣቸው ከመቃኑ ጋር ተጋጨ።

«ውይ ሚስ ሄስተር!» አለች ኤርሊን፣ ከአፏ ማር እየተንጠባጠበ። «እንኳን ደህና መጡ! ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲጠፉብኝ ታመው ነው ብዬ ነበር።»

«ይህ በር አይደለም» አሉ ሚስ ሄስተር አበባቸውን እያቀኑ። «ይህ… መግቢያ ነው።»

«ልዩነቱን ቢያስረዱኝ» አልኩ።

ታልማጅ ደንቡን አውጥቶ አነበበ። «‹ደፍ› ነው የሚለው፣ ሚስ ሄስተር። የትኛው እንደሆነ አልተጻፈም።»

«ምን ያስጽፈዋል? የሰው ልጅ በየት እንደሚገባ ይታወቃል!»

ኤርሊን ሳቀች። ሳቋ በጡቡ ውስጥ ተንከባለለ። ሚስ ሄስተር ቀይ ሆኑ፣ ቅጹን ከታልማጅ እጅ ነጥቀው ተመለከቱ፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ርእሰ መምህሬም ኬኩን ሲቆርስ እንደዚያ ነበር ፈገግ ያለው።

«መልካም፤ ደፉ ይታለፍልሽ። ታሪክ ቁጥር ሰባት ግን አልተነገረም። ያልተነገረ ታሪክ ካለ ፈተናው የለም። ይህ ደግሞ ሦስተኛሽ ነው።»

ታልማጅ ስኩተሬ አጠገብ ተንበርክኮ እንደ ንስሐ አባት ሹክ አለኝ።

«መምህርት፣ ‹ይባላል› ይበሉ። በቃ፣ ‹ይባላል›። ‹ይባላል› ማለት መዋሸት አይደለም። የሚባለውን ነው የተናገሩት።»

«ይህንን ማን አስተማረህ?»

«ሁላችንም እንዲህ ነው የምንለው።»

ኤርሊንን አየኋት። ትከሻዋን ነቀነቀች። «እኔን አትይኝ እቱ። እኔ በወር በወሩ ደሞዝ የምበላው ያንን ደረጃ እያጠብኩ ነው።»

መቆጣት ነበረብኝ። ቅጹን ቀምቼ መቅደድ፣ እንደዚያ ድርሰት በመስኮት መወርወር ነበረብኝ፤ ምድር ቤቱ ውስጥ መስኮት አለመኖሩ ምክንያት አይሆንም። ቤቴን አሰብኩት። ሶፋዬን፣ መጋረጃዬን፣ ከቴሌቪዥኑ ጋር የምጣላውን ረጅሙን ከሰዓት በኋላ። ሰው እንደ ጨርቅ ተጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚመስል ሦስት ዓመት አይቼዋለሁ።

«ይባላል» አልኩ።

ሁሉንም አልኩት። ግራና ቀኙን፣ ቀሚሱን፣ ጨዋዎቹን ወንዶች፣ ቁርጭምጭሚቱን። መጽሐፉ «እዚህ ላይ ፈገግ ይበሉ» የሚልበት ቦታ ላይ ፈገግ አልኩ። ማርላ፣ ያቺ ከአንድ ደቂቃ በፊት ለዳፍኒ ያለቀሰችው፣ ኪ ኪ ኪ ብላ ሳቀች። ዌይን «አየሽ፣ ድሮ ሰው ጨዋ ነበር!» ብሎ እጇን ይዞ ደረጃውን ፎቶ ሊያነሳ ወጣ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ገና አልደረቀም ነበር። እነሱን ልናቃቸው ፈለግሁ፤ ተረቱን የነገርኳቸው እኔ ነኝና ንቀቴ ወደ ራሴ ተመለሰ።

ማኅበሩ አሳለፈኝ። ባጁን ደረቴ ላይ ያደረጉልኝ ሚስ ሄስተር ናቸው፤ መርፌው ቆዳዬን ወጋኝ፣ ይቅርታም አልጠየቁኝ።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሥራ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹን እንግዶቼን፣ ሕፃን በጋሪ የሚገፉ ባልና ሚስትና ምርኩዝ የያዙ ሁለት እህትማማቾች፣ ላቲመር ቤት ፊት አቆምኳቸው። «ስለዚህ ደረጃ የሚነገራችሁ ሁሉ ውሸት ነው። እኔም ትናንት ባጅ ለማግኘት ብዬ ዋሽቻለሁ። አሁን ታች ኑ» አልኳቸው። እህትማማቾቹ በጭብጨባ ተቀበሉኝ። ይህንን በየቀኑ፣ በቀን ሁለቴ፣ ጮክ ብዬ አልኩት። በሳምንቱ ሰዎች በስም ይጠይቁኝ ጀመር፤ ጉልበት የጎደለው፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ልቡ የደከመ፣ ወንበር ላይ የተቀመጠ። በታችኛው በር በኩል የማይገባበት ታላቅ ቤት በከተማችን እንደሌለ አሳየኋቸው። ከሰል የገባበት፣ ሩዝ የገባበት፣ ቆሻሻ የወጣበት በር ሁሉ ከመንገድ ጋር እኩል ነው። ከተማው ለጎማ የተሠራ ነው። እግር ያሻው ባለቤቶቹ ከፍ ብለው እንዲታዩ ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የማኅበሩ ደብዳቤ መጣ፤ ወፍራም ወረቀት፣ በቀለም የተጻፈ። «የጸደቀን ታሪክ በአደባባይ ውሸት ብለሻል» ይላል። ባጄን ለመንጠቅ ችሎት ሊቀመጡ ነው። በአንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ መሠረት የማንም አባል ባጅ የሚነጠቀው አባሉ በአካል ባለበት፣ በማኅበሩ አዳራሽ፣ በመሥራቹ በኮሎኔል አምብሮዝ ፊች ሥዕል ፊት ነው። ሐሙስ ዐሥር ሰዓት እንድገኝ ታዘዝኩ።

አዳራሹ በአሮጌው የሩዝ ነጋዴዎች ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሃያ ሁለት ደረጃ። ታችኛው በር ወደዚያ አያደርስም፤ ሩዙ ራሱ ወደዚያ ፎቅ ወጥቶ አያውቅም።

«ጥሪያችሁን በደስታ ተቀብያለሁ፤ በአካል እገኛለሁ። በየት በኩል እንደምወጣ አስታውቁኝ» ብዬ ጻፍኩ።

ረቡዕ ማታ ታልማጅ በረንዳዬ ላይ መጣ፤ ክራባቱ ተጣሟል።

«መምህርት፣ አራት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ለምነናል። ከነወንበርዎ ተሸክመው ያወጡዎታል።»

«አራት ሰው ተሸክሞ የሚያወጣው ሬሳ ነው። እኔ ገና አፌ አልተዘጋም።»

«እሱንማ አይተናል» አለ እየተነፈሰ። «እሺ፣ በአትክልቱ ስፍራ ይሁን?»

«አንቀጹ ‹አዳራሽ› ይላል።»

«ሥዕሉን እናወርደዋለን!»

«ሥዕሉ ግድግዳው ላይ የተቀባ ነው ታልማጅ። ኮሎኔሉን ከፈለጋችሁ ግድግዳውን አፍርሱ።»

«አንቀጹን እናሻሽላለን!»

«ለማሻሻል ጠቅላላ ጉባኤ፣ ሁሉም አባላት በአዳራሹ ተገኝተው። አባል ነኝ፤ ይኸውና ባጄ። ዐሥራ አንደኛ ክፍል እያለህ ሰነድ እስከ መጨረሻው ገጽ አንብብ ብዬህ ነበር።»

ሳቁ አመለጠው፣ ወዲያው ደነገጠና አፉን ዘጋ። ለውዝ ቀቅዬ ስለነበር እፍኝ ሰጥቼ ሸኘሁት።

ሐሙሱ ያለ ችሎት አለፈ፤ ከአራት ቀን በኋላ ሚስ ሄስተር ራሳቸው መጡ። በረንዳዬ አንድ እርከን የላትም፤ ቆመው የሚረግጡት ከፍታ ሲያጡ እጃቸው መያዣ ፈለገ።

«ምንድን ነው የምትፈልጊው፣ ኦዴሳ?»

«ችሎቴን።»

«ትባረሪያለሽ። ድምፁ ተቆጥሯል። አንቺም ታውቂዋለሽ።»

«አውቃለሁ። እዚያ ላይ ወጥቼ ነው መባረር የምፈልገው። በራሴ ጎማ።»

«ለመባረር አሳንሰር የሚያሠራ ሰው አይቼ አላውቅም!»

«ላለማሳለፍ ዐሥራ አንድ ዓመት የሚከራከር ሰው ግን አይተዋል። በየጠዋቱ፣ መስታወት ውስጥ።»

ጓንታቸውን አጠለቁ። ሲወጡ የአጥሬን በር ሳይዘጉት ሄዱ። የላቲመር ዘር በር ከፍቶ ሲሄድ በታሪክ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ቅርስ ጠባቂዎቹስ? ለአካል ጉዳተኛ ዐሥራ አንድ ዓመት የዘጉትን ፋይል፣ አባል ለማባረር ሲሆን በአንድ ስብሰባ ከፈቱት። አሳንሰር በኋለኛው ግድግዳ በኩል ቢሠራ «ከመንገድ ስለማይታይ የዘመኑን መልክ አያውክም» ብለው ወሰኑ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊትም ግድግዳው የኋላ ነበር፣ ያኔም ከመንገድ አይታይም ነበር። ደግ ነገር በፖርት ሜረዲት እንዲሠራ ከፈለጋችሁ በመጀመሪያ ለክፋት እንደሚጠቅም አስረዱ። ወዲያው ይፈረምላችኋል።

ሥራው ግንቦት ላይ ተጀመረ። ዋናው ግንበኛ ካርል ሬይ የሚባል፣ ፀሐይ ያቃጠለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። በምሳ ሰዓቱ ሁለት ጊዜ ከእንግዶቼ ጋር ተቀላቅሎ ታሪኬን ሰምቷል። እኔም በየቀኑ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ የብረቱ ማማ በየሳምንቱ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሲቀርብ እያየሁ። እውነቱን ልናገር፤ በቀን ሁለት ቡድን አለኝ፤ የነሐሴው ሁሉ ተይዟል። ያቺ ማማ ስታልቅ እኔም አብሬ አልቃለሁ።

ትናንት ጠዋት ካርል ሬይ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ጠራኝ።

«ወይዘሮ ማዚክ፣ አንዴ። የቀረኝ በሩና የኤሌክትሪኩ ገመድ ነው። ቀጥ ብዬ ከሠራሁ ሐሙስ ያልቃል።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ግን የበሩ ብረት አልደረሰልኝም ልላቸው እችላለሁ። ማን ያውቃል? እስከ መስከረም እጎትትልዎታለሁ። ከዚያ ደግሞ የማዕበል ወቅት ነው፤ እስከ ገና ይሄድልናል። ይሥሩበት።»

የሚያየኝ በደግ ዓይን ነበር። በዚህ ከተማ እንደዚህ ያለ ደግነት ካየሁ ቆይቻለሁ። እስከ ገና! ስንት ጠዋት ነው? ስንት ቡድን?

ካርል ሬይ በቆመበት ጥላ ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣለች። የአንድ አባል እናት ናት፤ ልጇ ላይኛው አዳራሽ ውስጥ ንግግር ሲያደርግ እሷን ሁልጊዜ ዊልቸሯ ላይ እዚህ ያቆማታል። ጭብጨባውን በመስኮት ትሰማለች። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም ነበር፤ ኩራቴ ይበቃኝ ነበርና።

«ሐሙስ ጨርሰው» አልኩት።

«እርግጠኛ ነዎት? ሐሙስ ካለቀ ዓርብ ይጠሩዎታል።»

«ዓርብ ልብሴን ለብሼ እመጣለሁ። ሐሙስ ጨርሰው፣ ካርል ሬይ፤ በሩንም ሰፋ አድርገው።»

ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞርኩና ስሟን ጠየቅኳት። ኦጋስታ እንደምትባል ነገረችኝ። የሦስት ሰዓቱ ቡድን አደባባዩ ላይ እየጠበቀኝ ነበር፤ አብራኝ መምጣት ትፈልግ እንደሆነ ጠየቅኳት፣ የዊልቸሯን ፍሬን አላቀቀች።